ነርቭ ሴል ዕቃውን እንዴት ያመላልሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስጠናለሁ፤ እነዚህ ጥያቄዎች ከተማሪዎቼም፣ ቡና ከሚጠሩኝ ጎረቤቶቼም ደጋግመው የሚመጡብኝ ናቸው።

ሴል ውስጥ ምን የሚጓጓዝ ነገር አለ?

ብዙ። ሴል ሲባል በትምህርት ቤት የሳልነው ክብ ሥዕል ይመጣብናል፤ መሐሉ ላይ ነጥብ፣ ዙሪያው ባዶ። እውነተኛው ሴል ግን ቅዳሜ ገበያን ነው የሚመስለው። አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ያራግፋል፣ አንዱ ቆሻሻ ያወጣል። ፕሮቲን የሚሠራው አንድ ቦታ ነው፤ የሚፈለገው ሌላ ቦታ። ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ሥራ በበዛበት በኩል መገኘት አለባቸው። ያረጀው ደግሞ ተመልሶ መፍረስ አለበት።

ዕቃው ብዙ ጊዜ በትናንሽ ከረጢቶች ይታሸጋል። ከረጢቱ ከቅባት የተሠራ ስስ ሽፋን አለው፤ ብዙዎቹ ከ50 እስከ 100 ናኖ ሜትር ይሰፋሉ። አንድ ሚሊ ሜትርን ለአንድ ሚሊዮን ብታካፍሉት አንድ ናኖ ሜትር ይደርሳችኋል።

ነርቭ ሴል ከሌላው ሴል በምን ይለያል?

በርዝመቱ። ዋናው ነገር ይኼው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከርዝመቱ የሚመጣ ጣጣ ነው። ከወገባችሁ ተነሥቶ እግር ጣት የሚደርስ አንድ ነርቭ ሴል አለ። አንድ ሴል ነው፤ ሰንሰለት አይደለም። አክሰን የሚባለው ክሩ ወደ 1 ሜትር ይረዝማል። ፕሮቲን በብዛት የሚሠራበት የሴሉ ገላ ግን በዐይን አይታይም።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይህን ሒሳብ አሠራቸዋለሁ። የሴሉ ገላ 20 ማይክሮ ሜትር ይስፋ፤ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ይህን ገላ 10 ሜትር የሚሰፋ ቤት አድርጉትና ባሕር ዳር ላይ አስቀምጡት። በዚያው ልክ ስናሳድገው 1 ሜትሩ አክሰን 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ሊገባ ምንም አልቀረው! የመንገዱ ወርድ ግን 5 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ዕቃ ሲያልቅበት የሚላክለት ከባሕር ዳሩ ቤት ነው።

ዕቃው በራሱ ተንሳፍፎ አይደርስም ወይ? ስኳር ሳይማሰል ሻይ ውስጥ ይሰራጭ የለ?

ይሰራጫል። ጥያቄው ጎበዝ ተማሪ የሚጠይቀው ነው። በአጭር ርቀት መንሳፈፍ በቂ ነው። ሴል ውስጥ አንድ ፕሮቲን 10 ማይክሮ ሜትር ለመሄድ አምስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

ችግሩ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆኑ ነው። አሥር እጥፍ ሲሆን መቶ እጥፍ። በዚህ ስሌት ያው ፕሮቲን 1 ሜትር ለመንሳፈፍ ከ1,500 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በአፄ ካሌብ ዘመን ከወገብ የተነሣ፣ እግር ጣት የሚደርሰው በእኛ ዘመን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ተሸካሚ ያስፈልጋል።

መንገዱ ምንድን ነው? ተሸካሚዎቹስ?

መንገዱ ማይክሮትዩቡል ይባላል። 25 ናኖ ሜትር የሚሰፋ ባዶ ቱቦ ነው፤ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ይገነባል። እንደ ደንገል አገዳ ረጅምና ቀጥ ያለ አድርጋችሁ አስቡት። ታንኳ ሠሪ ደንገሉን ሲያስር አይታችሁ ከሆነ አንዱ አገዳ ከታንኳው ጫፍ እስከ ጫፍ ላይደርስ ይችላል፤ ሌላው ይደረብበታል። አክሰን ውስጥም እንደዚያ ነው። አንድ ወጥ የ1 ሜትር ቱቦ የለም፤ አጫጭሮቹ ተደራርበው ነው መንገዱን የሚቀጥሉት። ቱቦው ሁለት የተለያዩ ጫፎች አሉት፤ አንዱ ፕላስ፣ አንዱ ማይነስ ይባላል። አክሰን ውስጥ ፕላሶቹ ሁሉ ወደ ውጭ፣ ወደ አክሰኑ ጫፍ ይዞራሉ።

ተሸካሚዎቹ ሞተር ፕሮቲኖች ናቸው። ካይኔሲን በአብዛኛው ወደ ፕላስ ይሄዳል፤ አክሰን ውስጥ ይህ ከገላው ወደ ጫፍ ማለት ነው። ዳይኒን ወደ ማይነስ፣ ማለትም ከጫፍ ወደ ገላው ይመለሳል። ሰው 45 የካይኔሲን ዘሮች አሉት፤ የየራሳቸው ሸክም አላቸው። የመልሱን ሥራ ግን በአብዛኛው የሚሠራው አንድ ዓይነት ዳይኒን ነው። ሦስተኛው ማዮሲን ነው፤ እሱ አክቲን በሚባል ቀጭን ክር ላይ አጭር አጭር መንገድ ይሠራል። ከዋናው አስፋልት ወርዶ ሰፈር ውስጥ እንደሚያደርስ ባጃጅ በሉት።

ካይኔሲን በእርግጥ በሁለት እግር ይራመዳል? ወይስ የዩቲዩብ አኒሜሽን ነው?

ይራመዳል። ሁለት እግሮቹን እያፈራረቀ ይሄዳል፤ የኋላው ወደ ፊት ይወጣል፣ ከዚያ ሌላው። አንዷ እርምጃ 8 ናኖ ሜትር ናት፤ ለእያንዳንዷ እርምጃ አንድ ኤቲፒ ይከፍላል። ኤቲፒ የሴሉ የኃይል ሳንቲም ነው። 1 ሜትር ለመጨረስ 125 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል።

አኒሜሽኑን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ተሸካሚው ጸጥ ባለ ቦታ ኮራ ብሎ ሲራመድ ያሳያል። በእውነት ግን የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ይደበድቡታል፤ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚሄደው። ሁለተኛ፣ አንዱ ብቻውን መንገዱን የሚጨርስ ያስመስላል። አንድ ካይኔሲን መቶ ያህል እርምጃ ሄዶ ይወድቃል። ስለዚህ አንድን ሸክም ብዙዎች ሆነው ነው የሚይዙት፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይዞ ይቆያል።

ወደ ባሕር ዳሩ ቤት እንመለስና፣ በዚያ ልክ የካይኔሲን እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የምትሆነው። ስለዚህ የጭነት መኪና አታስቡ። ጉንዳን ነው። አዲስ አበባ ድረስ ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ የጉንዳን ሰልፍ።

ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው በሰከንድ ክፍልፋይ ነው ይባላል። ታዲያ ዕቃው ለምን ቀናት ይፈጅበታል?

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ። ፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው። መልእክቱ ኤሌክትሪክ ነው፤ በሽፋኑ ላይ ነው የሚሮጠው፤ በፈጣኖቹ ነርቮች በሰከንድ 120 ሜትር ይደርሳል። ዕቃው ግን በውስጥ በኩል በእግር ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ስልክ መደወልና አዲስ አበባ ዕቃ መላክ አንድ አይደሉም።

ፈጣን የሚባለው ጉዞ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ነው። ከወገብ እግር ጣት ለመድረስ ሁለት ቀን ተኩል ወይም እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። ከረጢቶች እንዲህ ይሄዳሉ። ዘገምተኛው ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ መንገዱ ራሱ የሚሠራባቸው ፕሮቲኖች በዚህ ይሄዳሉ። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ቢሉ እንኳ ለ1 ሜትር ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው!

ዘገምተኛው ሌላ ሰነፍ ተሸካሚ ኖሮት አይደለም። ሲሄድ ፈጥኖ ነው የሚሄደው። ችግሩ መቆሙ ነው። ሰው እስኪሞላ የማይነሣ፣ ተነሥቶም በየጥጉ የሚቆም ባጃጅ ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ?

መጀመሪያ ነርቭን በማሰር። እ.ኤ.አ. በ1948 ፖል ዋይስ እና ሄለን ሂስኮ የእንስሳ ነርቭን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ከሳምንታት በኋላ ከማነቆው በላይ ያለው ክፍል አብጦ አገኙት። የመስኖ ቦይን በጭቃ ስትዘጉ ውሃው ከላይ በኩል ይቋጥራል፤ ከገላው ወደ ጫፍ የሚወርድ ነገር እንዳለ የታየው በዚህ ነው።

ተሸካሚው የተያዘው ግን በስኩዊድ ነው። ይህ የባሕር እንስሳ 1 ሚሊ ሜትር ሊሰፋ የሚችል ግዙፍ አክሰን አለው። ውስጡን እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቀው መስታወት ላይ ቢያፈስሱት ዕቃው መጓዙን አያቆምም፤ ሴሉ ፈርሶ ገበያው አልተበተነም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስ እና ማይክል ሺትዝ በአሜሪካ ዉድስ ሆል ሲሠሩ ካይኔሲንን ለይተው አወጡ። ዳይኒን ስሙን ያገኘው ከዚያ 20 ዓመት ቀድሞ ነው፤ ያኔ ግን የሚታወቀው ሴሎች የሚዋኙባቸውን ፀጉሮች በማንቀሳቀሱ ነበር።

ዕቃው አድራሻውን በምን ያውቃል?

እኛ አድራሻ ስንናገር «ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ከዘንባባው ሥር» እንላለን። ሴል ይህን አያውቅም። ፕሮቲኑ አድራሻውን ራሱ ገላው ላይ ተጽፎ ነው የሚወለደው፤ ጉንተር ብሎቤል እ.ኤ.አ. በ1999 ኖቤል የተሸለመው ይህን በማሳየቱ ነው። ከረጢቱ ሲደርስ ደግሞ የእሱ ፕሮቲንና የመድረሻው ፕሮቲን ይጠማዘዛሉ፤ ካልተገጣጠሙ ማራገፍ የለም። የ2013ቱ ኖቤል ለሮትማን፣ ለሼክማንና ለዙድሆፍ የተሰጠው በዚህ በከረጢቶቹ ሥራ ነው።

ይህ ነገር ነርቭ ሴል ውስጥ ብቻ ነው?

አይደለም። ኢንሱሊን የሚያመርቱት የጣፊያ ጎረቤት ሴሎች፣ ማለትም የቆሽት ሴሎች፣ ኢንሱሊኑን በከረጢት ነው የሚያወጡት። ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትቱትም እነዚሁ ቱቦዎችና ሞተሮች ናቸው።

በዐይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ወደ ሐይቁ ውረዱ። ሕያው ቆሮሶ ነጭ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡና ትንሽ ታገሡ። ቆዳው ይገረጣል። ወደ ጥቁር ባልዲ ስታዛውሩት ይጠቁራል። ቆዳው ላይ ጥቁር ቀለም በትናንሽ ፍሬ የያዙ ሴሎች አሉ። ካይኔሲን ፍሬዎቹን ወደ ሴሉ ዳር ሲበትናቸው ዓሣው ይጠቁራል፤ ዳይኒን ወደ መሐል ሲሰበስባቸው ይነጣል። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ሁለት ባልዲ አስይዤ ዓሣ አስጋሪዎቹ ጋ ወሰድኳቸው። አንዱ አስጋሪ ሳቀብን። «እኛ እኮ ይህን ስናየው ነው ያደግነው፤ ፈርቶ ነው» አለ። አልተሳሳተም፤ ፍርሃትም የዓሣን ቀለም ይለውጣል። የሚሸከመው ማን እንደሆነ ብቻ ነው የጨመርንለት።

የተቆረጠ ነርቭ ለመዳን ለምን ወራት ይፈጅበታል?

የጎረቤቴ ልጅ ዓሣ ሲያጸዳ ቢላው አንጓው ላይ ያዘው። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ፤ ጣቶቹ ግን ደነዘዙ። ሐኪሞቹ ነርቩን ከሰፉለት በኋላ «ታገሥ» አሉት። እሱ የሰነፍ መልስ መስሎት ተናደደ።

ትክክል ነበሩ። ከቁርጡ በታች ያለው የአክሰን ክፍል ከገላው ዕቃ ስለሚቋረጥበት ይፈርሳል። አዲሱ የሚበቅለው ከላይ ነው፤ የሚበቅለውም በግምት በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ በወር 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስድስት ወር ነው። ቁጥሩ ከዘገምተኛው ጉዞ ጋር መመሳሰሉን ልብ በሉ፤ መንገድ ሳይዘረጋ ማንም አያልፍም። ይህ የእጅና የእግር ነርቭ ነው፤ አንጎልና ኅብለ ሠረሠር ውስጥ ያለው እንዲህ መልሶ አያበቅልም።

ውሻ ነከሰኝ፤ ቁስሉ ግን ትንሽ ነው። ምን ያስቸኩላል?

ያስቸኩላል! የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚጠቀመው ይህንኑ የዳይኒን መንገድ ነው። ንክሻው ጋ ነርቭ ውስጥ ይገባል፤ ተመላሹ ሸክም ላይ ይሳፈራል፤ ወደ ኅብለ ሠረሠር፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይወጣል። የቁስሉ ትንሽነት ለሱ ምኑም አይደለም። ቦታው ግን ለውጥ አለው፤ ፊት ላይ የተነከሰ ልጅ ጋ መንገዱ አጭር ነው።

ከንክሻ እስከ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል፤ ሳምንትም፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ክትባት የሚያድነው በዚህ ክፍተት ነው፤ ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ ይቀድመዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ውሻው እኮ የጎረቤት ነው» አይሠራም። ጠበል ሊሄድ የሚፈልገውንም ሰው አልከለክልም፤ ክትባቱን ተወግቶ ይሂድ።

አልማዝ ባለጭራ እና መንጋጋ ቆልፍስ?

ሁለቱም መንገዱን ይጠቀሙበታል። አልማዝ ባለጭራ በልጅነት የያዘን የቺክንፖክስ ቫይረስ ነው። ከቆዳ በነርቭ ገብቶ ከጀርባ አጥንት አጠገብ ያሉ የነርቭ ገላዎች ውስጥ ለዓመታት ይተኛል። አቅም ሲደክም ይነሣና በዚያው ነርቭ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ሽፍታው በአንድ ጎን እንደ መቀነት የሚወጣው የአንድ ነርቭ ክልል ስለሆነ ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ከቁስሉ በደም ይሰራጭና በየጡንቻው ካሉ የነርቭ ጫፎች ወደ ላይ ይጓዛል። ሁሉም ጋ አንድ ጊዜ ቢነሣ ቀድሞ የሚደርሰው በአጭሩ ነርቭ የሄደው ነው። ብዙ ጊዜ መንጋጋ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው መደንዘዝ የሚጀምረው ለምን ከእግሩ ነው?

አንዲት እናት «ልጄ፣ እግሬን እንደ ካልሲ ያለ ነገር ይይዘኛል፤ ነርቭ ነው አሉኝ» አሉኝ። እኛ ሀገር ንዴቱም፣ ጭንቀቱም፣ መደንዘዙም «ነርቭ» ነው፤ እሳቸው ያሉት ግን የምሩን ነርቭ ነው። ካልሲ ማለታቸውም የሐኪም መጽሐፍ ላይ ካለው ገለጻ አይለይም። ስኳር ነርቭን በብዙ መንገድ ይጎዳል፤ የደም ሥሮቹንም ጭምር። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው ረጅሞቹ ላይ ነው፤ ከገላው የራቀው ጫፍ ቀድሞ ይራባል። እግር ከእጅ ይቀድማል።

ቪንክሪስቲን እና ፓክሊታክሰል የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶችም ተመሳሳይ መደንዘዝ ያመጣሉ። የእነሱ ምክንያት ቀጥተኛ ነው፤ ቱቡሊን ላይ ተጣብቀው የካንሰሩን ሴል እንዳይከፈል ሲያደርጉ የነርቩንም መንገድ ያበላሻሉ።

ጉዞውን የሚያፋጥን ክኒን አለ?

የለም። ቢ12 ያነሰው ሰው ቢ12 ያስፈልገዋል፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የሚወስድ ሰው ሊያንሰው ይችላልና ይመርመር። ያልጎደለበት ሰው የቫይታሚን መርፌ ቢደረድር ካይኔሲን እርምጃ አይጨምርም።

የመርሳት በሽታ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በአልዛይመር፣ አዎ። ታው የሚባል ፕሮቲን ማይክሮትዩቡሎቹን እንደ ማገር ይይዛል። በዚህ በሽታ ታው ከመንገዱ ይላቀቅና ሴሉ ውስጥ ይተበተባል። አልዛይመር ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ከሴሎቹ ውጭ የሚከማች አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲንም አለ።

ጓያ የሰበረው ሰው የዚህ ትራንስፖርት ችግር ነው ያለበት?

ይህን የሚጠይቁኝ የፎገራና የደምቢያ ልጆች ናቸው። በጣና ዳር ጥቁር አፈር ጓያ ውሃ ሲተኛበትም፣ ዝናብ ሲጠፋም ይበቅላል። ሌላው እህል ሲከዳ የሚቀረው እሱ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ለወራት እሱን ብቻ ሲበሉ ነው። እንፋሎቱ መታው፣ ገለባው ላይ ተኛ ሲባል እሰማለሁ። አይደለም። ፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነው። ይህ መርዝ ነርቮች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት ይመስላል፤ ሴሉን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ መነሻው መንገዱ ላይ የደረሰ ብልሽት አይደለም።

ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዘር የሚተላለፍ፣ ሁለት እግርን የሚያደርቅ ሌላ ሕመም አለ፤ ጓያ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎችን ይይዛል። በአንዳንዶቹ የተበላሸው ኬአይኤፍ5ኤ የሚባል የካይኔሲን ዘር ነው። በብዙዎቹ ደግሞ ስፓስቲን ነው፤ ማይክሮትዩቡልን የሚቆርጥ ፕሮቲን። አረማመዱን ብታዩት ከጓያው ለመለየት ትቸገራላችሁ፤ ጉልበት የተጣበቀ፣ እግር እንደ መቀስ የሚጠላለፍ፣ በጣት ጫፍ የሚረገጥ። ሁለቱም የሚመቱት ከአንጎል እስከ ታችኛው ኅብለ ሠረሠር የሚወርዱትን ረጃጅሞቹን የእንቅስቃሴ ሴሎች ነው።

የዘሩን መከላከል ከባድ ነው። ጓያውን ግን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ሲቀቅሉም ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሰዋል። አንድ የደምቢያ ተማሪዬ ይህን ስነግረው «አያቴ ሁልጊዜ ሦስቴ ነው ውሃውን የምትደፋው፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግራን አታውቅም» አለኝ።